ከመኪና ሥር የተኛውን ልጅ ተዉት

ሃይፋ አጠገብ ባለችው በነሸር ከተማ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። «የእገሌ ልጅ መኪና ሥር ነው የሚውለው» ሲባል ከንፈር ይመጠጣል። ልጁ ሰረቀ አልተባለም፤ ጠጣ፣ ተደባደበ አልተባለም። ዓርብ ጠዋት ክሪክ አውጥቶ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ የመኪናውን ማርሚታ፣ የጭስ ቧንቧውን ድምፅ ማፈኛ፣ በገዛ እጁ እየቀየረ ነው። ለፍርዱ ይህ ይበቃል። ቫዓድ ባይቱ፣ የሕንፃው ኮሚቴ፣ ያጉረመርማል፤ እናት «ሰው ምን ይለኛል» ትላለች፤ ሽማግሌው «ሙሳኽ (ጋራዥ) ጠፍቶ ነው?» ይላሉ። ልጆቻችንን እንዲረዱ የተቀጠሩት የወጣት አማካሪዎች ሳይቀሩ፣ ቤቱ ሆኖ ማርሚታ የሚገጥም ልጅ ነገ ሌሊት ሰፈር የሚያውክ፣ ከነገ ወዲያ ፖሊስ የሚፈልገው ልጅ ነው ብለው ደምድመዋል።

እኔ ፍርዱ ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ። ሥራውንና ጩኸቱን አንድ ላይ አስሮ ይከሳል፤ ከዚያ ልጁን ከሥራው ያባርርና ጩኸቱን እዚያው ይተወዋል። ጩኸት የሚወድ ልጅ ገንዘብ ካለው የሚጮኸውን ቧንቧ የሚገጥምለት ባለሙያ አያጣም። በቤቱ ደጅ የሚሠራውን መከልከላችን የሚጎዳው ገንዘብ የሌለውን ብቻ ነው።

ለመሆኑ ማርሚታ ለምን ይቀየራል? ከሳሾቹ ያላቸው መልስ አንድ ነው፦ ለማስጮህ። የነሸርን አየርና መንገድ የሚያውቅ መካኒክ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል፣ በእንፋሎት መልክ። መኪናው ረጅም መንገድ ከሄደ ቧንቧው በደንብ ይግልና እንፋሎቱ በኋላ በኩል ተኖ ይወጣል። ከቴል ሐናን ሰፈር ወርዶ ቼክፖስት መስቀለኛ ደርሶ፣ ዕቃ ገዝቶ የሚመለስ መኪና ግን ቧንቧው ሳይግል ነው ሞተሩ የሚጠፋው። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ በኋለኛው ማርሚታ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከጭሱ ጋር ሲቀላቀል አሲድነት ይይዝና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ደግሞ የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ጨዋማ አየር ያግዘዋል፤ የመንገዱ ጉብታ ሆዱን እየገጨ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ይበጥሳል። ላዩ ደህና የሚመስል ማርሚታ አንድ ቀን ጠዋት ስፌቱ ላይ ይቀደድና የአሥራ አምስት ዓመቱ ሃዩንዳይ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረምሳ አይደለም፤ ከንጋት በፊት ወደ ጽዳት ወይም ወደ ጥበቃ ሥራ የሚወጣ የልጆች አባት ነው።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ከመኪናው ሥር የተኛው ልጅ፣ እኔ በዚህ ሰፈር እንዳየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የአባቱን መኪና ጩኸት እያጠፋ ነው። ጎረቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ «እነዚህ ጩኸተኞች!» ሲል፣ የሚሳደበው ዝም እንዲል የሚፈልገውን ነገር ዝም እያሰኘ ያለውን ሰው ነው። ልጁ የሚገጥመው ሱቁ «ታሕሊፊ» ብሎ የሚሸጥለትን፣ የመኪናው ፋብሪካ ያልሠራውን ማርሚታ ነው። እዚህም ላይ አንድ ጭፍን ፍርድ አለ፤ ታሕሊፊ የተባለ ሁሉ ቆሻሻ ነው ይባላል። ቆሻሻ አለ፤ ሁሉም ግን ቆሻሻ አይደለም። ለምትክ ድምፅ ማፈኛ የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 59 ይባላል። ደንቡን አሟልቶ የተፈቀደ ማርሚታ ላሜራው ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና የፈቀደው አገር ቁጥር ተቀርጾበታል፦ 1 ከሆነ ጀርመን፣ 4 ከሆነ ኔዘርላንድ። ይህች ጣት የማታክል ምልክት ካለች ከኦሪጅናሉ በእጅጉ የሚረክሰው ዕቃ በድምፅ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ልጁ ምልክቷን ፈልጎ የሚያገኘው ዕቃውን በእጁ ሲያገላብጥ ነው። መኪናውን ለሙሳኽ ሰጥቶ ቡና የሚጠጣው ሰው ምን እንደተገጠመለት አያውቅም፤ አይጠይቅምም።

ለጩኸተኞቹ ግን ጠበቃ አልሆንም። ድምፅ ማፈኛውን ቆርጠው ጥለው ባዶ ቧንቧ የሚበይዱትን፣ ሌሊት በባር ይሁዳ መንገድ ላይ ነዳጅ እየረገጡ የሚያንባርቁትን ማለቴ ነው። የእነሱ ቃል «ሞተሩ ይተንፍስ» ነው። ቱርቦ የሌለው 1.6 ሊትር የቤተሰብ መኪና የኋለኛው ማርሚታ ስለተቀየረለት የሚያገኘው ጉልበት ቢገኝ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ የቀረውን ጆሮ ነው የሚጨምረው። እንዲያውም ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንስና ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የነበረው መጎተት ይደክማል። ወደ ግቭዓት ነሸር ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ደግሞ ያው መጎተት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ዳገት ላይ በትንሽ ማዝዳ የሚቀደም አይቻለሁ፤ ድምፁ ግን እስከ ካርሜል ጫፍ ይሰማል።

የድምፁ ነገር ቀላል አይደለም። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በአውሮፓ የአዲስ መኪና የድምፅ ጣሪያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ጀምሮ 74 ዴሲቤል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ 68 እንዲወርድ ተወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከመንገድ የሚመጣ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ነሸር ደግሞ ቤቶቿ በካርሜል ጎን ላይ በእርከን የተደረደሩ፣ ዋናው መንገዷ ከሥር የሆነ ከተማ ናት። ከታች የተለቀቀ ጩኸት እያንዳንዱን በረንዳ እየነካ ነው የሚወጣው። የእስራኤል ሕግም በዚህ ላይ አዲስ አይደለም፤ ምክንያታዊ ያልሆነ ጩኸትንና ሽታን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1961 ነው።

ካታሊቲኩን የሚነቅለው ደግሞ ከጩኸተኛውም ይብሳል። ያ ከሞተሩ አጠገብ ያለ፣ በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ዕቃ ሲግል መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና የናይትሮጅን ጭስ ከመቶ ዘጠና ያህሉን ወደማይመርዝ ነገር ይለውጣል። እኛ የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ሰዎች ስለ ነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ስንት ዓመት ጮኸናል! መንግሥት የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ ከዚህ እንዲነሡ የወሰነው በ2022 ነው። ስለዚያ ጭስ ፊርማ ፈርሞ ሲያበቃ ከራሱ መኪና ላይ ካታሊቲክ የሚነቅል ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ይሙላው።

ይህን ሁሉ ግን ለልጁ ማን ነገረው? «ተው!» ብቻ የሚለው ሰው አልነገረውም። ልጁ የሰማው ስልኩ ላይ ከሚያየው፣ ከማያውቀው አገር ከሚጮህ ጎረምሳ ነው። ሥራውን የናቀ ሰው ስለ ሥራው ሊያስተምር አይችልም። ማርሚታ ምን እንደሆነ የማያውቅ አባት፣ የቱ ቧንቧ ነውር፣ የቱ ደህና እንደሆነ ለይቶ መናገር ስለማይችል ሁሉንም በአንድ ላይ ይከለክላል። ልጁም ክልከላው ካለማወቅ እንደመጣ ይገባዋል፤ ስለገባውም አይሰማም።

ንቀቱ ራሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ንቀቱ እዚህ አገር የተገኘ አይደለም፣ ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ነው። የሚገርመው ደግሞ ተሸክመነው የመጣነው እኛው የተናቅነው መሆናችን ነው። አባቶቻችን ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ርስት ሲነፈጉ እጃቸውን ወደ ብረት፣ ወደ ሸክላና ወደ ሽመና አዞሩ። በጎንደር ዘመን ለነገሥታቱ ግንበኛና አናጢ ሆነው ሠሩ። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ ትታወቅ ነበር። የክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ከቤተ እስራኤሉ ቀጥቃጭ እጅ ይወጣ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፤ ከዚያ ሠሪውን ቡዳ ይለዋል። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ከጎረቤቱ ተፈናቀለ፣ ስንቱ ተደበደበ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ አገር ስላዳረሰ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ቀረ ወይ? አልቀረም።

አሁን የነሸርን ፍርድ መለስ ብላችሁ አድምጡት። ቀን ማርሚታ ሲገጥም የዋለ ልጅ ሌሊት ሰፈር እየዞረ ያውካል! ቅርጹ ያው ነው፤ ቀን ብረት ነካ፣ ሌሊት አውሬ ሆነ። አያቶቻችንን ያቃጠለውን ክስ ጅቡን አውጥተን ሞተር ብናስገባበት ክሱ አልተለወጠም። ስሟን እንኳ በ1920ዎቹ እዚህ ከተተከለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ያገኘች ከተማ ውስጥ ተቀምጠን፣ እጁ ቅባት በነካ ልጅ ማፈር ምን ይሉታል? አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቢሄዱ የመኪና ዕቃ የሚፈታና የሚገጥም ሰው ጎዳናውን ሞልቶታል፤ ማንም «ልጁ ጠፋ» አይልም፤ ቢበዛ ዋጋ ይከራከረዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መከራከሪያ ግን እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ በወላጆች አፍ ስሰማው ዝም እላለሁ። «እኛ ልጆቻችን መካኒክ እንዲሆኑ አይደለም የመጣነው» ይላሉ። ይህ ቃል ከቁስል የወጣ ነው። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ወደ ወጣቶች ዓሊያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ እዚያም ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ወደ ሙያ ክፍል ተመደቡ። ሂሳብና ፊዚክስ ለሌላው፣ መዶሻ ለእኛ ሆነ። ሙሉ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት) ማግኘት ትግል የሆነበት ትውልድ ወላጅ፣ ልጁን ክሪክ ይዞ ሲያየው ያ ክፍል ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ቢሆንም እዚያ የተበደልነው በብረቱ አይደለም፤ በምደባው ነው። የሰውን ልጅ አቅም ሳይመዝኑ «ይህ ይበቃሃል» ማለት ነው በደሉ። ዛሬ ልጁ በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ በዕረፍት ቀኑ የሚሠራውን ሥራ ከዚያ ጋር ማምታታት በዳዩን ነፃ ማውጣት ነው፤ ጥፋቱን ከመዳቢው ወስደን በመፍቻው ላይ አላከክነው ማለት ነው። ከነሸር በላይ፣ ኮረብታው ላይ ቴክኒዮን አለ። የቴክኒዮን ተማሪዎች ለፎርሙላ ስቱደንት ውድድር የራሳቸውን መኪና ይሠራሉ፤ በቤንዚን ለሚሠራ መኪና የጭስ ቧንቧው ስፋትና ርዝመት ይሰላል፤ በውድድሩም ድምፁ በመሣሪያ ይለካል፣ ከልክ ካለፈ መኪናው አይሮጥም። ያንን ማንም ዱርዬነት አይለውም፤ ምህንድስና ይባላል። ከኮረብታው ላይ ያለው ልጅና ከኮረብታው ሥር ያለው ልጅ አንድ ቧንቧ ይዘው አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ ወሮበላ የሚባሉ ከሆነ ልዩነቱ ከቧንቧው አይደለም። በግፊት፣ በሙቀትና በድምፅ ሞገድ ላይ የሚቀርበውን የፊዚክስ ጥያቄ ለመረዳት የአባቱን ማርሚታ ከፍቶ ውስጡን ያየ ተማሪ ይሻላል እንጂ አይብስም። ባግሩቱንም ይያዝ፣ መፍቻውንም ይያዝ፤ አንዱ ሌላውን ይከለክላል ያለን ማን ነው?

ፖሊስ ይመጣል የሚለው ፍርሃትም አለ። ከእኛው ወጣቶች አንዱ የነበረው ሰሎሞን ተካ ጁን 30 ቀን 2019 ቂርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል፤ ቂርያት ሐይም ከዚህ በመኪና ቅርብ ነው። በወጣቶቻችን ላይ ያለውን የተለየ የፖሊስ አያያዝ በ2016 የወጣው የመንግሥት የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ራሱ አምኖታል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ግን እስቲ ፍርሃቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። የሚያስቆም ሰበብ የሚሆነው የሚያንባርቅ ቧንቧ ነው፤ ለእሱ ፖሊስ መኪናውን ከመንገድ የሚያወርድ ወረቀት ይጽፋል። በደንብ የተገጠመ፣ ምልክት ያለው፣ ዝም ያለ ማርሚታ ሰበቡን ያጠፋል፣ በዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ በቴስትም ያልፋል። ልጁ በራሱ ሕንፃ ደጅ በጠራራ ፀሐይ እንዳይታይ ማድረግ ግን ፖሊስ ያላደረገውን እኛ ማድረጋችን ነው።

ቀጥሎ «አደገኛ ነው» ይሉኛል። አዎ፣ አደጋ አለው፤ ለዚህም ነው በድብቅ እንዲሠራ መገፋት የሌለበት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ልናገር። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል፤ አሁን የጠፋ መኪና ቧንቧ ቆዳ ይልጣል። ቦታው ሜዳ ይሆናል፣ ነሸር ውስጥ እሱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፋል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም፤ መኪናው በሁለት የብረት መቆሚያ ላይ ሳያርፍ ሥሩ የሚገባ ሰው ነፍሱን አስይዞ ነው የሚገባው። ዓይን በመነጽር ይሸፈናል፣ ዝገት እንደ ዱቄት ይረግፋልና። የዛገው ቡሎን ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ዘይት ይጠጣል፤ ዳዶው ሲፈታ የሚጮኸው ጩኸት ብቻ ሥራው መያዙን ይነግርሃል። ማንጠልጠያ ጎማው በሳሙና ውሃ ሲለሰልስ ያለ ትግል ይወጣል። አዲሱ ማርሚታ ሲሰቀል የጀማሪ ጥፋት የመጀመሪያውን ቡሎን ወዲያው ማጥበቅ ነው። የሚያውቀው ሁሉንም ልል አድርጎ ይሰቅላል፣ ቧንቧው የመኪናውን ሆድና የነዳጅ መስመሩን እንዳይነካ በጣቱ ርቀቱን ይለካል፣ ከዚያ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ያጠብቃል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆን አለበት፤ አሮጌውን የመለሰ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጨረሻ ሞተሩ ይነሣና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይረጫል፤ አረፋ ካወጣ ይተነፍሳል ማለት ነው።

ሞተሩ የሚነሣው ግን ደጅ፣ ሰማይ በሚታይበት ነው። ብዙዎቹ ሕንፃዎቻችን በዐምድ ላይ የቆሙ ናቸው፤ መኪና የሚቆመው ከሥራቸው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ደረጃው ክፍት ከሆነ ጭሱ ወደ አንደኛ ፎቅ ይወጣል። ብየዳም በቤት አይደረግም፤ ማርሚታው አጠገብ የነዳጅ ጋን አለ። ካታሊቲኩን የሚነካ ሥራም ወደ ሙሳኽ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ የትኛውን ለባለሙያ እንደሚተው ያውቃል። «ሁሉንም ተው» የተባለ ልጅ ግን ወደ ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በስልክ መብራት፣ ያለ መቆሚያ ይሠራዋል።

ስለዚህ ቫዓድ ባይቱ «መኪና መጠገን ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ከመግቢያው ላይ ያንሣው። በምትኩ የሚከለከለውን በስሙ ይጻፍ፦ ሞተር ከሕንፃው ሥር አስነሥቶ መተው፣ ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ፣ ብየዳ፣ በቀትር ዕረፍትና በማታ መቀጥቀጥ፣ ድምፅ ማፈኛ የሌለው ቧንቧ ይዞ መግባት። የመጨረሻው ማንም በየትም ቦታ ቢገጥምለት፣ በሙሳኽ ደረሰኝ ቢመጣም ያው ክልክል ይሁን። የወጣት ማዕከሉም በየዓመቱ ስለ «አደገኛ ባሕርይ» ንግግር የሚያሰማበትን አንዱን ምሽት ይተውና አራት መቆሚያ ብረት፣ ሁለት መነጽርና አንድ ጥሩ የመፍቻ ሳጥን ይግዛ። አስተማሪ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገውም፤ ቼክፖስት ሙሳኽ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ አባቶች እዚሁ ሰፈር አሉ፣ እስካሁን የጠየቃቸው ሰው የለም እንጂ።